ዘጠኝ ቮልት ሁሉ አንድ አይደለም

ማቡ፣ ኬፕ ብሬተን
ጃንዋሪ 14, 2018

ይድረስ ለአላስደር ቢተን፣ ሬድ ዲር፣ አልበርታ፤

አዲሱ ዓመት እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። በረዶው የፊት በሩን ስለዘጋው በጓሮ በር ነው የምገባ የምወጣው። የእናትህ አያትና የእኔ አያት እህትማማቾች ነበሩ፤ እዚህ እኛ ዘንድ ይሄ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አልበርታ ገብተህ እንዳልረሳኸው ተስፋ አለኝ። ምክንያቱም ላስቸግርህ ነው።

ወንድሜ ሄክቶር አምና በመስከረም ስትሮክ እንደመታው ሰምተሃል። አሁን ያለው መጦሪያ ቤት ነው። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ከአፉ የሚወጣው «አዎ»፣ «አይ» እና አንድ የማልጽፍልህ ስድብ ብቻ ነው። ስሜን እንኳ አይጠራም። ግን ዜማ ያንጎራጉራል። የትኛውን ዜማ መሰለህ? እናታችንን የቀበርን ሰሞን ለሷ ያወጣውን። አንድ ምሽት በእኔ ማዕድ ቤት ውስጥ በቫዮሊኑ ተጫውቶት አንተ በካሴት የቀዳኸው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ቢለምነው እምቢ ያለው፣ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ዙር፣ የዜማውን ግማሽ፣ ደህና አድርጎ ይዘልቀዋል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። እንደገና ይጀምራል፣ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ የወንበሩን ክንድ ይመታና ያለቅሳል። በየቀኑ እንዲህ ነው። እኔም ሁለተኛውን ዙር አላስታውሰውም፤ የሚያስታውስም አላገኘሁም።

በ1994 ወደ ምዕራብ ስትሄድ «በጋ ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብለህ የተውክብኝ የዲጂታል ካሴት ማጫወቻ እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። በጋው አልመጣም መሰለኝ። ካሴቶቹም አሉ። ትናንት ስከፍተው ካሴቱ ይዞራል፣ ቁጥሮቹም ይሮጣሉ፣ ድምፅ ግን የለም። በጆሮ ማዳመጫው የለም፣ ወደ ድምፅ ማጉያው በሚሄደው በቀዩና በነጩ ገመድም የለም። ሄክቶር ጁን 17 ሰማንያ አምስት ይሞላዋል። እስከዚያ ያንን ሁለተኛ ዙር ላሰማው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጌታ ከዚያ ብርድ ይጠብቅህ።
ኤፊ ራንኪን


ሬድ ዲር፣ አልበርታ
ጃንዋሪ 30, 2018

ለአክስቴ ለኤፊ፤

ሰላምታዬ ከልብ ይድረስዎ። ለሄክቶርም እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድለት። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ካሴት ማጫወቻው የሚሉትን ቢሉኝ አይከፋኝም፤ ሃያ አራት በጋ አልፏል።

በሞቴ፣ ከእንግዲህ ካሴቶቹን አያጫውቷቸው! አንድም ጊዜ! ማጫወቻው አርጅቷል፤ ቴፑን መብላት ከጀመረ ማንም አያድነውም። አንድ ጥሩ ማዳመጥ ቢቀረን ነው፤ እሷንም ለመቅዳት እናስቀምጣት።

ዲጂታል ካሴት ድምፁን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ ድምፅ የጠፋው ያንን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚቀይረው ክፍል ስለሞተ ይመስለኛል። ቁጥሩ ራሱ ግን ካሴቱ ላይ ደህና አለ። ከማጫወቻው ጀርባ እነዚያን ቁጥሮች እንዳሉ የሚያወጣ አንድ ቀዳዳ መኖር አለበት። በባትሪ መብራት አይተው ብርቱካናማ ክብ መሆኑን ወይም ክዳን ያለው አራት ማዕዘን መሆኑን ይጻፉልኝ። ቁጥሩን ከዚያ ተቀብሎ ለኮምፒዩተርዎ የሚያቀብል የድምፅ ማገናኛ ሳጥን እሠራለሁ። ሱቅ ይሸጣል። ግን ያን ምሽት የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔ ብሆን ደስ ይለኛል። እዚያ አገር ስሜ አሁንም «አላስደር ሽቦው» አይደለም እንዴ?

ያን ምሽት አስታውሰዋለሁ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ሁላችሁም እስከ አስር ቆጥራችሁ ዝም በሉ፣ ድምፁ ቤቱ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይጥፋ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን በሦስት ዜማ ላይ ማንኪያ ጣሉብኝ!

አክባሪዎ አላስደር


ማቡ
ፌብሩዋሪ 19, 2018

ይድረስ ለአላስደር ሽቦው፤

ደህና ነህ ወይ? እኛ እንዳለን አለን። ባሕሩ ከፊታችን እስካለችው ደሴት ድረስ በረዶ ሆኗል።

ብርቱካናማ ክብ ነው። ይህን ለማየት ተንበርክኬ፣ ለመነሳት የቄሱን እርዳታ ፈልጌያለሁ፤ ደግነቱ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ነበር። ማንኪያውን ሁለት ጊዜ ነው የጣልኩት። ሦስተኛው ያንተ እናት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፤ በእኔ ላይ አላከከችው።

ሄክቶር እንደዚያው ነው። ጆሊን የምትባለው ነርስ የመጀመሪያውን ዙር እሷም ለመደችው። ባለፈው አልጋ እያነጠፈች ስታንጎራጉረው ሰማኋት፤ እሷም እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

የአጃ ብስኩት ልኬልሃለሁ። ከተሰበረ በማንኪያ ብላው።

ኤፊ


ሬድ ዲር
ኤፕሪል 9, 2018

ለአክስቴ ለኤፊ፤

እንደምን ሰነበቱ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደብዳቤውም በኮምፒዩተር የተጻፈው ለዚሁ ነው። ብስኩቱ ሳይሰበር ደረሰ።

ሳጥኑ ከዚህ ጋር መጥቷል። ሲያገናኙት ቅደም ተከተሉን ይጠብቁልኝ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እያለ በቢጫ ፕላስተር ያሰርኩትን ገመድ ከብርቱካናማው ቀዳዳ ወደ ሳጥኑ ይሰኩ። ቤት ያለው ቀይና ነጭ ገመድም እዚያ ይገባል፤ እሱን ግን አያድርጉ፣ ለዚህ የተሠራ አይደለም። ቀጥሎ ሳጥኑን በዩኤስቢ ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ። መጨረሻ ላይ ኤሌክትሪኩ ነው። ካልሲ ውስጥ የጠቀለልኩት አዳፕተር የሱ ነው፤ እሱን ብቻ ይጠቀሙ። አረንጓዴ መብራት ይበራል። ላፕቶፑ ላይ የሰዓት ምርጫ ይመጣል፤ «ውጫዊ» የሚለውን ይምረጡ። ዳንስ ላይ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፤ እዚህ የሚመራው ካሴቱ ነው። ላፕቶፑ በራሱ ቆጠራ ከሄደ ድምፁ ጠቅ ጠቅ ይላል።

ካሴቱን የሚያስገቡት መብራቱን ካዩ በኋላ ብቻ ነው። ሄክቶርን ሰላም ይበሉልኝ።

አላስደር


ማቡ
ኤፕሪል 28, 2018

ይድረስ ለአላስደር፤

በሰላም ነህ? የዓሣ ጀልባዎቹ ሊወጡ ነው፣ ወደቡ ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል።

ሳጥኑ ደርሶኛል። አልሠራም። መብራቱ አልበራም። በመንገድ ተንገላቶ ይሆናል፤ የፖስታ ሰዎቹን ታውቃቸው የለ። ያንተ ጥፋት አይደለም። ካሴቱን ስላላስገባሁት አትስጋ፤ ደህና ነው።

ደብዳቤህ ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣ መስሎኝ ሳልከፍተው አንድ ቀን ሙሉ አሳደርኩት። ምነው፣ የራስህ የእጅ ጽሑፍ ምን ሆነ? ሄክቶር ክረምቱን ቀጥኗል። ሌላ የምነግርህ የለም።

ኤፊ


ሬድ ዲር
ሜይ 13, 2018

ለአክስቴ ለኤፊ፤

ጤና ይስጥልኝ። የዚህ ደብዳቤ የእጅ ጽሑፌ የተንጋደደው ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ ስለጠየቁኝ።

ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አምና ከበጋ ጀምሮ ነው። ሐኪሙ ስም ሰጥቶታል፣ ኪኒንም ሰጥቶኛል። እዚህ ከጎረቤቴ ከድዌይን በቀር የሚያውቅ የለም። እሱም ያወቀው ቡና እጄ ላይ ስደፋ አይቶ ነው። ለእርስዎ ያልነገርኩት ሳጥኑን ሠርቼ ከላክሁ በኋላ፣ ከሠራ በኋላ ልነግርዎ ብዬ ነው። «ይኸው፣ እየተንቀጠቀጥኩም ሠራሁት» ልል ፈልጌ ነበር። ልጅነት ነው።

መብራቱ ካልበራ ችግሩ ኤሌክትሪክ የሚገባበት በኩል ነው። ያንን በኩል የበየድኩት መጨረሻ ላይ፣ እጄ እጅግ በከፋበት ቀን ነበር። ልልከው ስል ልቤ አልተረጋጋም፤ ላክሁት። በመንገድ አልተንገላታም፣ አክስቴ። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ከእጄ የወጣ ዕቃ ተመልሶ አያውቅም። ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ የመጨረሻውም እሱ ነው። መበየጃዬን ጎተራ ውስጥ አስገብቼ ቆልፌበታለሁ።

ከሱቅ ሳጥን ይግዙ፤ ሞዴሉን ከታች ጽፌዋለሁ። ወይም ካሴቱን ሲድኒ ወዳለ ባለሙያ ይላኩት። ተራ እስከ መኸር ይቆያል ይላሉ። ለሄክቶር ልደት ባለመድረሴ በጣም አዝናለሁ።

አላስደር


ማቡ
ሜይ 19, 2018

አላስደር፤

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ። ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ይሄን ልጽፍልህ ነው።

እጅህ ምንም አልሠራም! ሳጥኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ!

የላክልኝ አዳፕተር ገመዱ አጭር ነው፤ ሶኬቱ ምድጃው ኋላ ነው ያለው፣ አልደረሰም። ርቀቱን ለክቼ ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር፣ አልጻፍኩም። የሄክቶር የቫዮሊን ዕቃ ያለበትን ሻንጣ ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ቫዮሊኑን ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኘው፣ በእግር የሚረገጠው ፔዳል፣ አዳፕተሩ አለች። ያንተን አየሁ፣ ዘጠኝ ቮልት ይላል። የሱን አየሁ፣ ዘጠኝ ቮልት። ጫፏም ልክክ ብላ ገባች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንስ አዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱ አንዱ አዳፕተሩን ይረሳል፣ ከሌላው ይዋሳል፣ ማንም አልተቃጠለም። ምኑን ልፍራ? ስሰካት አንዴ ጠሽ አለ፣ ጢስ ወጣ፣ ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ዓሣ ሸተተ። መስኮቱን ከፍቼ ቁጭ አልኩ።

ያኔውኑ መንገር ነበረብኝ። አፈርኩ። «እሱን ብቻ ይጠቀሙ» ብለህ ጽፈህልኝ የለ? ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ማንኪያ የምትጥለው ኤፊ፣ ሳጥን የምታቃጥለው ኤፊ መባል አልፈለግኩም። ውሸቴ ትንሽ መስሎኝ ነበር፣ በፖስታ ቤቱ ላይ የጣልኩት መስሎኝ ነበር። አንተ ላይ እንደወደቀ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ምን ይዋጠኝ፣ አላስደር! ወንድሜ እጁን ማጣቱ ሳያንስ አንተንም እጅህን ላሳጣህ ነበር።

ይቅር ባትለኝም አልፈርድብህም። መበየጃውን ግን ከዚያ ጎተራ አውጣ። ይሄ ልመና አይደለም፤ እናትህ ብትኖር በዱላ ታስወጣህ ነበር።

በእጅህም ላይ የእመቤታችን ጥበቃ ይሁን። ስለሱ ማንም ከኔ አይሰማም።

ኤፊ


ሬድ ዲር
ጁን 4, 2018

ለአክስቴ ለኤፊ፤

እንደምን አሉልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ የተቃጠለ ዓሣ የሚለው ትዝ አለኝና ድዌይን በአጥር አሻግሮ እስኪያየኝ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሙዚቀኞቹ አዳፕተር የሚዋዋሱት የሁሉም ፔዳል አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። የነሱ አዳፕተር ጫፍ መሃሏ ኔጌቲቭ፣ ዳሯ ፖዘቲቭ ነው። የእኔ ሳጥን ግን ተቃራኒው ነው፣ እንደ ሌላው ዓለም ዕቃ። ቮልቱ አንድ፣ ጫፉ አንድ፣ ኤሌክትሪኩ ግን በኋላ በር ይገባል። ይህን ስህተት ልትሠራ የምትችለው የቫዮሊን ተጫዋች እህት ብቻ ናት፤ እኔ ደግሞ ለማን እንደምልክ አውቅ ነበር።

አሁን የእኔን ይስሙ። እንዲህ ያለ ሳጥን ስሠራ መግቢያው ላይ ዳዮድ አደርጋለሁ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ኤሌክትሪክ በተሳሳተ በኩል ሲመጣ አታሳልፍም። የእርስዎ ሳጥን ላይ የለችም። ስበይዳት ከእጄ ወደቀችና ምንጣፉ ውስጥ ጠፋች። ተንበርክኬ ፈለግኩ፣ አጣኋት፤ ሌላ ለማምጣት ጉልበትም ተስፋም አልነበረኝም። አንድ አዳፕተር ብቻ ልኬ ማን ይሳሳታል ብዬ አሸግኩት። ያቺ ዳዮድ ብትኖር የእርስዎ ነገር ምንም አያመጣም ነበር፣ መብራቱ ሳይበራ ይቀር ነበር፣ አለቀ። ስለዚህ አክስቴ፣ ሁለታችንም ዋሽተናል፤ እርስዎ ግን ቀድመው ተናገሩ።

መበየጃው ወጥቷል። ኪኒኑን ከዋጥኩ በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል እጄ ዝም ይላል። ክንዴን በድዌይን የውሻ ማሰሪያ ከጠረጴዛው ጋር አስሬ በቀን ሦስት ቦታ እበይዳለሁ። ዘጠኝ ጠዋቶች ፈጀብኝ። ውሻው ለመውጣት እኔ ማሰሪያውን እስክመልስለት ይጠብቃል።

አዲሱ ሳጥን አዳፕተር የለውም፤ ኤሌክትሪኩን በዩኤስቢ ገመዱ ከላፕቶፑ ይወስዳል። የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ የለም፤ ያን ሻንጣ ሁሉ ቢፈትሹ የሚያስገቡበት ቦታ አያገኙም። ዳዮዷንም አድርጌያለሁ። ምንም ሥራ የላትም፣ እልኬን ልወጣ ብዬ ነው። የቀረው እንደ በፊቱ ነው፤ ቢጫ ፕላስተር ያለው ገመድ፣ ከዚያ ላፕቶፑ፣ «ውጫዊ»። አንድ ጊዜ ብቻ እያጫወቱ ይቅዱት፣ መሃል ላይ አያቁሙት። ድምፅ ማጉያውንና ላፕቶፑን ግድግዳው ላይ ካለው አንድ ሶኬት ላይ ይሰኳቸው፤ አለዚያ ንብ ንብ የሚል ድምፅ ይሰማሉ።

ለሄክቶር ልደት ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። ካልደረሰ ግን በፖስታ ቤቱ እናሳብባለን።

አላስደር


ማቡ
ጁን 21, 2018

ይድረስ ለውድ ዘመዴ ለአላስደር፤

ሰላምታዬ እስካሁን ከላክሁልህ ሁሉ ይብዛልህ። ያለፈውን የሰላምታ ዕዳዬንም ከዚህ ላይ ቀንስልኝ።

ሳጥኑ ጁን 15 ደረሰ። ከመሰካቴ በፊት ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሰካሁት። አረንጓዴው መብራት በራ። ተቀመጥኩና አየሁት፤ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። ከዚያ ካሴቱን አስገባሁ።

ዜማው ካሴቱ ላይ አራተኛው ነው። ሁለተኛው ዙር መጣ። አንተ፣ እኔ እኮ ከፍ ይላል ብዬ ነበር የማስበው! ዝቅ ነው የሚለው፣ እስከ ታች ድረስ፤ ለዚህ ነው ማናችንም ያላገኘነው። እያነባሁ እንኳን ጣቴን በአንዱም ቁልፍ ላይ አላሳረፍኩም፤ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ። ሰባተኛው ዜማ ላይ ማጫወቻው ተንቋቋና ቴፑን በላው። አሁን ሞቷል። የኛው ግን ወጥቶ ነበር።

በልደቱ ቀን ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ጆሊን ኬኩን ይዛ ቆማ ነበር። መጀመሪያው ዙር ሲመጣ ሄክቶር ራሱን ወደ ድምፁ አዞረ። ሁለተኛው ዙር ሊገባ ሲል የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ዜማው ወደ ታች ወረደ። እጁ ለቀቀ። «አዎ» አለ። «አዎ፣ አዎ።» ሌላ ቃል የለውማ።

የመጨረሻው ድምፅ ሲያልቅ ጆሊን ልታጨበጭብ እጇን አነሳች። ሄክቶር የግራ ጣቱን አንስቶ ከለከላት! አስር እየቆጠረልህ ነው፣ ገባህ? ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ያንተን ትእዛዝ አልረሳም። ላፕቶፑ ውስጥ የዚያን ቀን ማዕድ ቤቴ ነበር፤ ምድጃው፣ ያንተ እናት ስትተነፍስ፣ ወንበር ሲንቀጫቀጭ። እዚህም ሁላችን ዝም አልን። ከአስሩ በኋላ ካሴቱ ላይ ያለው ሄክቶር ምን እንደሚል እኔ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ «ኤፊ፣ አሁን ማንኪያሽን መጣል ትችያለሽ» ይላል፣ ሁሉም ይስቃል። አንተ ግን ረስተኸው ይሆናል።

እሱ አልረሳውም። ካሴቱ ከመናገሩ በፊት ጣቱን አወረደና ወደኔ ዞሮ፣ እያማጠ፣ «ኤፊ» አለኝ። ከዚያ «ማንኪያ»።

ስሜን፣ አላስደር። ከመስከረም ወዲህ ስሜን።

የኬኩን ማንኪያ ከጆሊን እጅ ነጥቄ መሬት ላይ ጣልኩት።

ይሄን በእጅህ የሠራኸው አንተ ነህ። በምትንቀጠቀጠው።

ኤፊ